ትንሽ ኀይል፣ ረዥም ሽቦ

በደጋው አገራችን ከገደል ወዲያና ወዲህ ሆነው የሚጣሩ ሰዎችን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። በጮቄ ተረተር ላይ የቆመ እረኛ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ጓደኛውን ሲጠራ ብዙ አያወራም። ቃሉን ያሳጥራል፣ ድምፁን ይስባል፣ ይደግማል፤ ነፋሱ እስኪያልፍ ይታገሥና አሁንም ይደግማል። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተገጣጥመው እንደሚያወሩት ቢያወራ ኖሮ፣ ከጉሮሮው የወጣው ሁሉ ገደሉ ውስጥ ወድቆ በቀረ ነበር። ለመሆኑ ጉልበት የሌለው ሰው ከሩቅ ለመሰማት ምን ያደርጋል? የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

እኛ ሦስት ነን። በደብረ ማርቆስ በአንድ ሰፈር ያደግን ስንሆን፣ አንዳችን ታሪክ፣ አንዳችን አማርኛ፣ አንዳችን እንግሊዝኛ እናጠናለን። ከፊዚክስ ጋር የተሰነባበትነው ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ ቀመር ይበዛብኛል ብለህ አትስጋ፤ እኛም አንወደውም። ይሁን እንጂ ምሽታችንን የበላው፣ የጓደኞቻችንን ሣቅ ያተረፈልን፣ አንዳንዴም የሰፈሩን ጥርጣሬ የጎተተብን ነገር ሬዲዮ ነው።

በዓለም ላይ ለንግድም ለስብከትም ያልሆነ፣ ለመማርና ለመገናኘት ብቻ የሚደረግ የሬዲዮ ሥራ አለ፤ አማተር ሬዲዮ ይሉታል። ሠሪዎቹ ከየመንግሥታቸው ፈቃድ ይቀበላሉ፤ ከፈቃዱም ጋር መጠሪያ ይሰጣቸዋል። የኢትዮጵያ መጠሪያ «ኢ ቲ» በሚሉት ፊደሎች ይጀምራል። ከሁሉ ስሙ የታወቀው የክበብ ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው፤ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ሲሆን፣ አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ሠልጥነውበታል።

ከእነዚህ የሬዲዮ ሰዎች መካከል ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው የሚጾሙ አሉ። ገንዘቡም መሣሪያውም እያላቸው፣ «ከ5 ዋት በላይ አልጠቀምም» ብለው ራሳቸውን ይገድባሉ። በሬዲዮ ቋንቋ «ኪው አር ፒ» ይባላል፤ ኀይል ቀንስ ማለት ነው። 5 ዋት ስንት ነች? አንዲት ትንሽ የኤል ኢ ዲ አምፖል የምትበላው ያህል ነች። ለማነጻጸር ያህል፣ አባቶቻችን «ብሥራተ ወንጌል» ሲሉ የሚያውቁት፣ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥርጭት ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ የተወረሰው ጣቢያ፣ በአጭር ሞገድ የሚናገረው ባለ 100 ኪሎ ዋት መላኪያ ይዞ ነበር። ይኸውም የ5 ዋቱን ሃያ ሺህ እጥፍ ማለት ነው።

ታዲያ 5 ዋት ምን ያህል ይሰማል? እዚህ ላይ ነው የታሪክ ተማሪው ጓዳችን እንኳ ቁጥር የወደደው። የተቀባይ መሣሪያ የድምፅ ብርታት የሚለካበት ሰሌዳ ዘጠኝ ደረጃ አለው፤ አንድ ደረጃ ለመውጣት ኀይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ከ100 ዋት ወደ 5 ዋት የወረደ ሰው ኀይሉ በሃያ እጅ ቢቀንስም፣ አዳማጩ ዘንድ የሚታየው ልዩነት ሁለት ደረጃ ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን የሚያሟላው ሽቦው፣ ሰዓቱና ትዕግሥቱ ነው።

ሽቦው! አንቴና ሲባል አብዛኞቻችን በዓይናችን የሚመጣው የብረት ምሰሶ ነው። የሬዲዮ ታሪክ ግን በብልሃተኛ ሽቦዎች የተሞላ ነው። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 ከእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላከችውን «ኤስ» የምትል ፊደል፣ ማለትም ሦስት ነጥብ፣ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሰማሁ ሲል ሽቦውን ያቆመለት በነፋስ የሚበር የወረቀትና የጨርቅ ወፍ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ካይት ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1921፣ ፖል ጎድሊ የተባለ አሜሪካዊ አማተር ወደ ስኮትላንድ አርድሮሳን ተልኮ በባሕር ዳር ድንኳን ተክሎ፣ ከመሬት ብዙ ከፍ ያላለ እጅግ ረዥም ሽቦ ዘረጋ። በዚያም ብርድና ዝናብ ውስጥ ተቀምጦ ከአሜሪካ የተላኩትን የአማተሮች ምልክቶች ሰማ። ሽቦው በፈልሳፊው ስም ቤቬሬጅ ይባላል። የከብት አጥር የሚመስል አንቴና ውቅያኖስ ተሻገረ ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስም ብትሆን በዚህ ታሪክ ድርሻ የላትም አይባልም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከተማውን ለቆ ወደ ዓባይ ሲያፈገፍግ የስልክ መሥመሩ ሳይቆረጥ ቀረ። የዊንጌት ጓድ ቁጥሩ ከጠላት ጦር እጅግ ያነሰ ነበር። የጦርነቱ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ከወንዙ በኩል ያሉት ጣሊያኖች ሲደውሉ ጣሊያንኛ አሳምሮ የሚናገረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ስልኩን አንሥቶ፣ ዐሥር ሺህ ጦር ወደ እናንተ እየመጣ ነው ሲል አስደነገጣቸው። በአንድ ሽቦና በአንድ ሰው ድምፅ የዐሥር ሺህ ሰው ሥራ ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ወደ እኛ እንመለስ። ነገሩ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ነው። በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ስልኮቻችን ሰዓት ማያና መብራት ሆነው ቀሩ። ያኔ የአንዳችን እናት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ከሣጥን ውስጥ አሮጌ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አወጡ። በደርግ ጊዜ ባለቤታቸው ማታ ማታ በብርድ ልብስ ተሸፍነው የሚያዳምጡበት ነበር አሉን። ባትሪ ገዝተን ከፈትነው፤ ሠራ። ያን ሰሞን የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት የእትዬ ቤት ሆነ። አንዱ ዜና ይፈልጋል፣ አንዱ ጸሎት፣ አንዱ ደግሞ የሰው ድምፅ ከሆነ ቋንቋው ምንም ቢሆን ግድ የለውም።

ድምፁ ግን ደካማ ነበርና ሽቦ መዘርጋት አማረን። የመጀመሪያው አንቴናችን የልብስ ማስጫው ሽቦ ነው፤ እርጥብ ልብስ ሲሰጣበት ድምፁ ይለዋወጣል። ሁለተኛው የሽቦ አልጋ ነው። የአልጋው ስፕሪንግ ብረት ነውና አልፎ አልፎ ይሠራል፣ የተኛበት ሰው ሲገላበጥ ግን ጣቢያው አብሮ ይገላበጣል። የቆርቆሮ ጣሪያውንም ሞክረነዋል። የዛገ ምስማር ባለበት ሁሉ ይንኮሻኮሻልና ተውነው። በመጨረሻ የተገኘው ደህና ነገር በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ ነው። ልኩን ማግኘት ቀላል ነው፤ 143ን ለሚፈለገው ሜጋኸርዝ ማካፈል ነው። ለ7.03 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ከ34 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እርሱን መኻል ለመኻል ከፍሎ፣ ከመኻሉ ወደ ሬዲዮው መውረጃ ገመድ ማውረድ ነው።

ከፍ አድርገን ባለመስቀላችን ጎረቤት ሣቀብን። ነገር ግን የዝቅተኛ ሽቦ ጥቅም አለው። ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሽቦ ሞገዱን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ነው የሚሰደው፤ ያም ሞገድ ከምድር ከ100 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው በፀሐይ ኀይል ከተሞላው አየር ተመልሶ በዙሪያው ይዘንባል። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኻሉ የዓባይ ሸለቆ ነው። ተራራና ገደል ለማይገድበው እንዲህ ላለው መንገድ ዝቅ ያለ ሽቦ ይሻላል። ለሩቅ አገር ግን ከፍታ ይፈለጋል።

ከሰማዩ ነገር ሳንወጣ አንድ እንጨምር። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከራሳችን በላይ ይፈስሳል። ይህን የሚያጠና የጠፈርና የራዳር ምርምር ላቦራቶሪ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል፤ ስሙም ዋሸራ ነው። ዋሸራ መቼም የቅኔ ቤት መሆኑን ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአማርኛው ተማሪ ጓዳችን ከቀለም ትምህርት በፊት ቅኔ ቤት ቆይቷልና ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ መወድስ ስምንት ቤት አለው። መምህር ፊት ሲቆሙ ግን ሁለቷ ቤት ትቀልላለች ያለ ማነው?» ሲል የአጭር መልእክትን ነገር አስረዳን።

እኛም አጭሩን መልእክት መማር ጀመርን፤ ሞርስ። ነጥብና ጭረት ነው። የኛ ፊደል 33 በ7፣ 231 ነው፤ ዓለም አቀፉ ሞርስ የሚያውቀው ግን 26ቱን የላቲን ሆሄያት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ለመላክ የፈለገ ሰው «ሰላም»ን በላቲን መጻፍ ግዱ ነው። ሞርስ የሚያስደንቀው ሰው ሲናገር የማይሰማበት ጩኸት ውስጥ ፉጨቱ ተለይቶ መሰማቱ ነው፤ የእረኛው ብልሃት ይኸው ነው። ይህን ብልሃት እስከ መጨረሻው የገፋው እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጆ ቴይለር ነው። እርሱም አማተር ነውና በ2008 ባወጣው የኮምፒዩተር ዘዴ፣ መጠሪያን፣ ቦታንና ኀይልን ብቻ የያዘች መልእክት ሁለት ደቂቃ ያህል ተጎትታ ትላካለች። በዚህ ዘዴ ከ1 ዋት በታች የሆነ ኀይል አህጉር ይሻገራል። ቦታውም በአራት ምልክት ይጻፋል፤ የደብረ ማርቆስ «ኬ ኬ 80» ነው፣ የአዲስ አበባ «ኬ ጄ 99»።

ተራ ሬዲዮ ሞርስን ሲቀበል «ፍስ» ከማለት በቀር ፉጨት አያሰማም። መፍትሔው ሁለተኛ ሬዲዮ ነው። የድሮ ሬዲዮዎች በውስጣቸው፣ ከተከፈቱበት ቦታ በ455 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ብላ የምትሠራ ትንሽ ሞገድ አመንጪ አላቸው። አንዱን በ7.03 ላይ ከፍቶ፣ ሌላውን በ6.575 ላይ ጎኑ ማስቀመጥ ነው። የሁለተኛው ሬዲዮ ሞገድ ከምልክቱ ጋር ሲጋጭ ፉጨት ይወለዳል። ሁለት ሽማግሌ ሬዲዮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያፏጩ ያየ ሰው ዕብደት ቢለው አይፈረድበትም።

ከዚህ ሁሉ ግን ትልቁ ትምህርት የመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። የከተማ ቤት ሬዲዮን የሚያደነቁረው የስልክ ቻርጀሩ፣ የኤል ኢ ዲ አምፖሉና የመንገዱ የኤሌክትሪክ መሥመር ነው። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ በሙሉ «ኧረ!» ሲል፣ በእኛ ክፍል ውስጥ ጩኸቱ እንደ ወንፊት ዱቄት ይረግፍና ከሥሩ ዓለም ብቅ ይላል። ቀድሞ ያልነበሩ ፉጨቶች ይደረደራሉ። ሌላው ሻማ ሲፈልግ እኛ እርሳስ እንፈልጋለን።

የክረምቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የመብረቁ ብልጭታ በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ይንጣጣል። በደጋው መብረቅ ቀልድ አይደለም፤ ከብትም ሰውም ይገድላል። ስለዚህ ደመና ሲጠቁር ሽቦውን ከሬዲዮው ነቅሎ ደጅ ማውጣት ሕጋችን ሆነ። ይህን የሚያነብና ሽቦ መዘርጋት የሚያምረው ሁሉ ከቀመሩ በፊት ይህን ይያዝ።

ከመብረቁም በላይ ያስፈራን ግን የሰው ዓይን ነው። ዘመኑ የጭንቅ ነበርና በባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሽቦ ዝም ብሎ አይታይም። አንድ የሰፈራችን አዛውንት መንገድ ላይ አስቆሙን።

«ልጆች፣ ከማን ጋር ነው የምታወሩት?»

«ከማንም ጋር አያ፤ እናዳምጣለን ብቻ።»

«ለማዳመጥማ ጆሮ ይበቃ የለም ወይ? ሽቦው ለምን ረዘመ?»

በቅንነት ነው የጠየቁት፤ ጥያቄው ግን ከእርሳቸው አፍ ከወጣ ከሌላም አፍ ይወጣል። እትዬ ሰሙ። «ልጆቼ፣ እኔ አልጠላሁባችሁም። ይኼ ሽቦ ግን ቤቴን ያስፈትሻል፤ አውርዱልኝ» አሉ። የእናት ቤት ነውና አልተከራከርንም። በዚያው ማታ አወረድነው።

ስለዚህ አንቴናው ወደ ቤት ገባ። የእትዬን አሮጌ ሰፌድ ለመንናቸው፤ ጫፉ የተተረተረውን ሰጡን። በላዩ ላይ የመዳቡን ሽቦ እንደ ሸረሪት ድር ሦስት ዙር ጠመዝንና፣ ጫፎቹን ከሞተ ሬዲዮ በተፈታ ማስተካከያ ኮንደንሰር አያያዝን። ኮንደንሰሩን ስናዞር በአንድ ቦታ ላይ ድምፁ እንደ ጉድ ይነሣል። ሰፌዱ ከሽቦው ይልቅ ደካማ ቢሆንም ሽቦው የሌለው ጠባይ አለው። ፊቱን ወደ ጩኸቱ ምንጭ ሲያዞሩት ጩኸቱ ይጠፋል። የጎረቤት ቻርጀር ከየት እንደሚጮኽ በሰፌድ ማወቅ ቻልን። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደግሞ ሰፌድ ነው፤ ማንም አይጠይቅም።

በዚህ ሰፌድ ነው አንድ ምሽት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ ያን ጣሊያናዊ የሰማነው። «ሲ ኪው፣ ሲ ኪው» ይላል፤ የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ ማለት ነው። መጠሪያው በ«አይ» ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ «ኪው አር ፒ» አለበት። ከ5 ዋት በማይበልጥ ኀይል፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ! ሦስታችንም ለየብቻ ጽፈን አነጻጸርነው፤ አንድ ነው። ጠራ፤ ዝም አለ፤ አዳመጠ። መልስ የለም። አሁንም ጠራ።

እዚህ ላይ ነው ነገር የመጣው። የእንግሊዝኛው ተማሪ ጓዳችን ከአጎቱ ሬዲዮ መጠገን የተማረ ነውና፣ አንድ ዋት እንኳ የማትሞላ፣ በክብሪት ቀፎ የምትገባ መላኪያ ሠርቶ ነበር። የሞከራት ወደ አንቴና ሳይሆን ወደ 50 ኦም ሬዚስተር ነው፤ ከክፍሉ እንዳትወጣ። በዚያች ሌሊት ግን እጁን ይበላው ጀመር።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልመልስለት። በአንድ ዋት ማን ይሰማናል?»

«ጣሊያኑ እንዲሰማን አይደል የምትፈልገው?» አለ የታሪኩ። «ጣሊያን የሰማውን የቅርቡ ሰው አይሰማም?»

«በምን ስም ልትጠራስ ነው? መጠሪያ የለህም» አለ የቅኔው።

ጥያቄው ትልቅ ነበር። የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው፤ ያለ ፈቃድ መላክ ክልክል መሆኑን እናውቃለን። የሚበልጠው ግን የእትዬ ቃል ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ከዚያ ቤት ወጥታ የምትሄድ አንዲት ነጥብ፣ ለእኛ ጨዋታ፣ ለእርሳቸው መከራ ልትሆን ትችላለች። ዕዳው የሚወድቀው በላኪው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ክርክሩ በረዘመ ነበር። ጓዳችን መላኪያውን ወደ ቀፎው መለሰ። ጣሊያናዊው ሦስት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ። በ1933ቱ ስልክ ጣሊያን ሲጠራ ያልሆነው ሰው መለሰለት፤ በእኛ ጊዜ ደግሞ የሰማው ሰው ዝም አለው። ያን ሌሊት ደህና አልተኛንም።

በማግሥቱ ግን ሌላ መንገድ አገኘን። አዳማጭ የሰማውን ለላኪው በደብዳቤ ቢያሳውቅ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው፤ ፈቃድም አይጠይቅም። ቀኑን፣ ሰዓቱን ከእኛ ሦስት ሰዓት ቀንሰን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ሞገዱን፣ የድምፁን ግልጽነትና ብርታት ጻፍን። አንቴና በሚለው ቦታ ላይ «ሰፌድ» ብለን ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አብራራን፤ ሥዕሉንም ሣልንለት። አድራሻውን ካገኘን በኋላ ካርዱን ከደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ላክነው። ድምፅህ እናት ቤት ደርሷል አልነው።

እንግዲህ፣ ጓደኞቻችን፣ ይህን የጻፍነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ያህል ባዶ እንደምንሆን ሁላችን አይተነዋል። በባትሪና በሃያ ሜትር ሽቦ የሚሠራ፣ ሕግ የሚያውቀው፣ ግልጽ መጠሪያ ያለው የተማሪዎች ክበብ በከተማችን ቢኖር፣ ማንም አዛውንት «ከማን ጋር ነው የምታወሩት?» ሲለን መጽሐፋችንን ከፍተን፣ ማንን በስንት ሰዓት እንዳነጋገርን በስሙ እናሳየው ነበር። አምስት ኪሎ የሆነ ነገር ደብረ ማርቆስ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ክበብ ለማቋቋምና ፈቃድ ለመጠየቅ ማመልከቻ ረቂቅ ጽፈናል። እስካሁን ዘጠኝ ሰው ፈርሞበታል፤ ከዘጠኙ ሁለቱ የፊዚክስ ተማሪዎች ስለሆኑ ቀመሩን ለእነርሱ ትተናል። መፈረም የሚፈልግ ማታ ማታ የእትዬ ቤት ያገኘናል። መብራት የጠፋ ዕለት ቢመጣ ይመረጣል፤ የሚያዳምጠው አያጣም።